ፍቆ መጣልና ከአብነት ማስተያየት፤ ወደ ድረ ገጽ ፋይሎች ሰርጎ የገባ ኮድ ስለሚወገድበት ዘዴ

ድረ ገጽ ማቆም በአገራችን ከዓመት ወደ ዓመት እየቀለለ ሄዷል፤ የቆመውን መጠበቅ ግን በዚያው መጠን አልቀለለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወደ ድረ ገጽ ፋይሎች ሰርጎ የገባ ጎጂ ኮድ ሲገኝ በትእዛዝ መስመር መሣሪያዎች የሚወገድበትን የተለመደ ዘዴ መመርመርና መተቸት ነው። አሳባችንን አስቀድመን በአጭሩ ለመግለጥ፣ ክፉውን ቃል ፈልጎ መሰረዝ ብቻውን ጽዳት መስሎ ይታያል እንጂ ጽዳት አይደለም ባዮች ነን። ጽዳት ተብሎ ሊጠራ የሚገባው፣ የፋይሉን የአሁን መልክ ከታመነ አብነት ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ለይቶ ማወቅና ባዕዱ የገባበትን በር መዝጋት ነው። ይህንንም የምንለው ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ስሕተቱን ራሳችን ሠርተን ዋጋውን ስላየን ነው።

፩. ነገሩ ምንድን ነው?

ድረ ገጽ ማለት በሰርቨር ላይ የተቀመጡ ፋይሎች ስብስብ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ፒ ኤች ፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ትእዛዛት ናቸው። ጎብኚ ገጹን በጠየቀ ቁጥር ሰርቨሩ ትእዛዛቱን አንብቦ ይፈጽማል፤ ነገር ግን የትኛውን መስመር ባለቤቱ፣ የትኛውን መስመር ሌባ እንደ ጻፈው አይጠይቅም። ስለዚህ አንድ ሰው በተሰረቀ የይለፍ ቃል ወይም ባልታደሰ ፕለጊን ቀዳዳ ገብቶ ከፋይሉ ራስ ላይ አንዲት መስመር ቢጨምር፣ ሰርቨሩ ያችን መስመር እንደ ባለቤቱ ቃል ቆጥሮ ይፈጽማታል።

ስለ ድረ ገጽ ጥቃት በተነሣ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. የሆነውን ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያው የውኃ ሙሌት በተቃረበበት በዚያ ወቅት፣ ራሱን ሳይበር ሆረስ ግሩፕ ብሎ የሚጠራ በግብፅ ያለ ቡድን በአገራችን የመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ዘመተ፤ በአንዳንዶቹም ላይ የፈርዖን አፅም ምስልና ዛቻ ተለጥፎ ታየ። በዚያን ጊዜ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ይባል የነበረው፣ ዛሬ አስተዳደር የተባለው መሥሪያ ቤት፣ ጥቃቱን ማክሸፉን አስታወቀ። የዓባይ ምንጭ ከሚፈልቅባት ከሰከላ ብዙ በማይርቅ አገር ለተወለድን ለእኛ ነገሩ የጓሮአችን ያህል ተሰምቶን ነበር። ይሁን እንጂ የዚያ ዓይነት ጥቃት መታየትን የሚሻ ነው፤ ዛቻው ካልታየ ዛቻ አይሆንምና ባለቤቱ ሳይውል ሳያድር ያገኘዋል። የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው ግን መደበቅን የሚሻው ነው።

፪. የፈረስ ቤቱ ማኅበር ድረ ገጽ

ለጥናታችን መነሻ የሆነን በደጋ ዳሞት ወረዳ የፈረስ ቤት ተወላጆች ያቋቋሙት የአንድ መረዳጃ ማኅበር ድረ ገጽ ነው፤ የማኅበሩን ስም መጥቀስ ለነገራችን አያስፈልግም። ገጹ በወርድፕሬስ የተሠራ ሲሆን፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ለትምህርት ቤት ወንበርና መጻሕፍት መግዣ ያዋጡ ሰዎች ስምና የማኅበሩ ዜና ይወጣበታል። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉት አባላት ገንዘብ የሚልኩት ይህን ገጽ አይተው፣ ስማቸውን ከዝርዝሩ አግኝተውና አምነው ነው። ጠባቂው በፈረስ ቤት የሚያስተምሩ አንድ መምህር ናቸው።

በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. በዐማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ መምህሩ ወደ ድረ ገጹ መግባት አልቻሉም። ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር ግን በባሕር ማዶ ስለ ሆነ ለመላው ዓለም ክፍት ሆኖ ቆየ። ጠባቂው ከደጅ ቀርቶ ቤቱ በሩን ከፍቶ አደረ ማለት ነው። ፕለጊኖቹ ሳይታደሱ ወራት አለፉ። ግንኙነቱ ሲመለስ መምህሩ የገጹን አድራሻ ጽፈው ከፈቱት፤ ምንም የተለወጠ ነገር አላዩም። በውጭ አገር ያሉት አባላት ግን «የማኅበራችንን ስም በጉግል ፈልገን ስንጫን የቁማር ገጽ ይወጣብናል» ብለው ጻፉ፤ መዋጮአቸውን ያቆሙም ነበሩ።

ምክንያቱን ኋላ አገኘነው። የገባው ኮድ ጎብኚው ከየት እንደ መጣ አስቀድሞ ይመለከታል። ከጉግል የመጣውን ወደ ቁማሩ ገጽ ይመራዋል፤ አድራሻውን በእጁ ጽፎ የመጣውን ግን፣ ባለቤቱ ሊሆን ይችላልና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ አድርጎ ያሳልፈዋል። መምህሩም አባላቱም እውነቱን ይናገሩ ነበር፤ እርስ በርሳቸው ግን መተማመን አልቻሉም። በእኛ አስተያየት ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ የከፋው ጉዳት ይህ ነው። መምህሩም «እናንተ ኮምፒዩተር የምትማሩ ልጆች፣ እስቲ እዩልኝ» ብለው እኛን ጠየቁን።

፫. የመጀመሪያው ሙከራችን

ያደረግነው ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ግሬፕ በሚባለው መሣሪያ ከፋይሎቹ ሁሉ ውስጥ «ኢቫል» እና «ቤዝ 64 ዲኮድ» የሚሉት ትእዛዛት ጎን ለጎን የቆሙበትን መስመር ፈለግን፤ በብዙ ፋይሎች ላይም አገኘነው። ከዚያም ሴድ በሚባለው መሣሪያ ያንን መስመር ከሁሉም ባንድ ጊዜ ሰረዝነው። በአንዳንድ ገጾች ላይ ደግሞ «ስክሪፕት» በሚል ምልክት የሚከፈትና የሚዘጋ ባዕድ ቁራጭ ስለ ነበረ እርሱንም በዚያው መንገድ አነሣነው። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ለመምህሩም «ጸድቷል» ብለን ጻፍን።

ሁለት ነገር ተከተለ። በማግስቱ የአዋጪዎቹ ስም ዝርዝር ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ የቁማሩ ገጽ ተመለሰ።

፬. የዘዴው ጉድለቶች

ከዚህ በላይ የተመለከተው ዘዴ፣ እኛ እንደምናየው፣ ሦስት ጉድለቶች አሉበት።

የመጀመሪያው ጉድለት በዋናው ላይ መፋቁ ነው። በሴድ አጻጻፍ ነጥብና ኮከብ ጎን ለጎን ሲቆሙ «ማናቸውም ፊደል፣ የቱንም ያህል» ማለት ነው። ይህ ምልክት ሆዳም ነው፤ የመዝጊያውን ቃል መጀመሪያ ባገኘበት ስፍራ አይቆምም፤ በመስመሩ ውስጥ እስከ መጨረሻው መዝጊያ ድረስ ይሄዳል። የስሞቹ ገጽ ቶሎ እንዲከፈት ተብሎ በአንድ ረጅም መስመር ታጭቆ ነበር። ባዕዱ ስክሪፕት ከመስመሩ ራስ፣ የገጹ የራሱ ስክሪፕት ደግሞ ከመስመሩ ጫፍ ላይ ነበሩ። ሴድ ከመጀመሪያው መክፈቻ እስከ መጨረሻው መዝጊያ ያለውን ሁሉ፣ በመካከል ያሉትን ስሞች ጨምሮ፣ ዋጠው። ጥፋቱ የሴድ አይደለም፤ ያዘዝነውን ፈጸመ። በትእዛዙ ላይ አንዲት አጭር ቅጥያ ብንጨምር ኖሮ የቀድሞውን ፋይል በሌላ ስም ያስቀምጥልን ነበር፤ እኛ ግን ይህን አላደረግንም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ድርሰታችንን የሚያርሙት መምህር ስሕተቱን ፈጽሞ አይደመስሱትም ነበር፤ በቀይ ቀለም ያሰምሩበትና የሚገባውን ቃል ከላዩ ይጽፉበታል እንጂ። በዚያን ጊዜ ይህ እኛን ለማሳፈር የተደረገ ይመስለን ነበር። አሁን እንደምናስተውለው፣ የተሰረዘውን የሚያሳይ እርማት ሊመረመር ይችላል፤ እርማቱ ራሱ ስሕተት ቢሆን እንኳ ተመልሶ ይቃናል።

ሁለተኛው ጉድለት የሚያውቁትን መልክ ብቻ መፈለጉ ነው። ቤዝ 64 የተባለው አጻጻፍ ማናቸውንም ጽሑፍ በ64 ምልክቶች የሚገልጥ ነው፤ እነርሱም 26 ትልልቅና 26 ትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ 10 አኀዞችና ሌሎች 2 ምልክቶች ናቸው። እያንዳንዱ ሦስት ባይት በአራት ምልክት ይተካል። ስለዚህ በጽሑፉ ራስ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ቢጨመር አከፋፈሉ ይናጋና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መልኩን ይለውጣል፤ ትናንት የተገኘውን ሐረግ ዛሬ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። የትእዛዙንም ስም ለሁለት ቆርጦ ጽፎ በሥራ ጊዜ መግጠም ቀላል ነው፤ ግሬፕ ሙሉውን ቃል ሲፈልግ ግማሾቹን አልፎ ይሄዳል። በሌላ በኩል ቤዝ 64ን ለቀና ሥራ የሚጠቀሙ ፕለጊኖች ስላሉ፣ ቃሉን ባገኙበት ሁሉ መሰረዝ ጤነኛውን ማቁሰል ነው። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አንዱን ቃል ነጥሎ በመያዝ ብቻ ወርቁን ያወጣ ተማሪ የለምና።

አንዳንዶች በቃል ፈንታ በቀን መፈለግን ይመክራሉ። ፋይንድ በሚባለው መሣሪያ በዚህ ሳምንት የተለወጡትን ፋይሎች መዘርዘር ይቻላል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ተች የምትባል ትንሽ ትእዛዝ የፋይሉን የለውጥ ቀን ወደ ፈለጉት ዓመት ስለምትመልሰው፣ ሌባው ዱካውን ያጠፋበታል። ሲስተሙ ራሱ የሚመዘግበውና በዚያች ትእዛዝ ወደ ኋላ የማይመለስ ሌላ ቀን መኖሩን የሚያስታውሱ ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሦስተኛው ጉድለት በሩን አለመዝጋቱ ነው። በታኅሣሥ ወር 2014 እ.ኤ.አ. ሶክሶክ የተባለው ጥቃት ስላይደር ሬቮሉሽን በተባለ ፕለጊን ቀዳዳ ገብቶ ከ100,000 በላይ የወርድፕሬስ ድረ ገጾችን እንደ በከለ ሱኩሪ የተባለው የድረ ገጽ ጥበቃ ድርጅት አስታውቆ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ባለቤቶች የተበከሉትን ሁለት ፋይሎች ለውጠው ነገሩ ያለቀ መሰላቸው፤ ፕለጊኑን ስላላደሱና የተተወውን ድብቅ በር ስላልፈለጉ ግን ወዲያው እንደገና ተበከሉ። በእኛም ላይ የደረሰው ከዚህ የተለየ አልነበረም። የበዓል ፎቶግራፎች በተቀመጡበት ፎልደር ውስጥ የፎቶግራፍ ስም የያዘ አንድ የፒ ኤች ፒ ፋይል ተደብቆ ነበር። ከዚህም ሌላ በሰርቨሩ የሥራ ሰዓት መዝገብ፣ ክሮንታብ በሚባለው፣ ያንን ፋይል በየጊዜው የሚቀሰቅስ አንድ መስመር ተጽፎ ነበር። እኛ ስንፈቅ እርሱ ይጽፍ ነበር። የደጋ ዳሞት ገበሬ ሲናርን ከገብሱ መካከል በማጭድ አይቆርጠውም፤ ከሥሩ ይነቅለዋል፤ በሚመጣው ዓመትም ዘሩን አበጥሮ ይዘራል። እኛ ማጭዱን ብቻ ይዘን ወጥተን ነበር።

፭. ስለ መሣሪያዎቹ የምናቀርበው መከላከያ

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ «እንግዲያስ የትእዛዝ መስመር መሣሪያዎች አይረቡም» የሚል ቢኖር አንስማማም። ግሬፕን በ1973 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ኬን ቶምሰን ነው፤ ሴድን ብዙም ሳይቆይ ሊ ማክማሆን ሠራው፤ ዲፍ ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. በዳግላስ ማክልሮይ ተዘጋጀ። ሃምሳ ዓመት ያገለገሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በይልቁንም ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት እንደ ፈረስ ቤት ባለ ስፍራ ጥቅማቸው ይጐላል። በሥዕል የተሞላ የአስተዳደር ገጽ ሳይከፈት ሲቀር፣ በትእዛዝ መስመር የሚላከው ጥቂት ፊደል ነውና ያልፋል፤ ፋይሎቹን ማውረድ ሳያስፈልግ ሥራው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ይፈጸማል። የምንተቸው እንግዲህ መሣሪያዎቹን ሳይሆን ከእነርሱ መካከል ቢላዋውን መርጦ ሚዛኑን መተውን ነው። ሚዛኑ ዲፍ ነው።

በብራና ሥራ ቁም ጸሐፊው ሲሳሳት በቢላዋ ይፍቃል። ነገር ግን ቢላዋው ያልተገባውን ቃል ያነሣል እንጂ የተገባው ቃል የትኛው እንደ ሆነ አይናገርም፤ ይህን የሚናገረው የተገለበጠበት አብነት ነው። አብነት የሌለው ፋቂ፣ የቱንም ያህል እጁ የተባ ቢሆን፣ በግምት ይሠራል። ዲፍ ሁለት ጽሑፎችን መስመር በመስመር አስተያይቶ የጐደለውንና የተጨመረውን የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ ክፉው ቃል ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማወቅን አይጠይቅም። ባዕድ የሚያሰኘው መልኩ ሳይሆን ከአብነቱ ላይ አለመገኘቱ ነው።

ግሬፕን የሠራው ቶምሰን ራሱ በ1984 እ.ኤ.አ. በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ከዚህ የራቀ አደጋ አሳይቷል። ምንጩ ንጹሕ ሆኖ የሚነበብ ፕሮግራም፣ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ከተበከለ፣ ድብቅ በር ይዞ ሊወጣ እንደሚችል አስረዳ። የተሻለው የፍለጋ መሣሪያ ጌታ ፍለጋ ብቻውን እንደማይበቃ መመስከሩን ልብ ማለት ይገባል። ጽሑፉን ማንበብ ብቻ ሳይሆን ከማን እጅ እንደ መጣ ማወቅም ያስፈልጋል።

፮. የምንደግፈው ሥርዓት

በሁለተኛው ሙከራችን የተከተልነው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

መጀመሪያ ድረ ገጹን ከነበሽታው እንዳለ ገልብጠን በሌላ ስፍራ አስቀመጥን። ይህ ለስሕተት መመለሻ ከመሆኑም በላይ ማስረጃ ነው፤ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ወደ ሌላው ሲስተም ያለ ፈቃድ መግባትና ፋይሉን ማበላሸት ወንጀል ስለ ሆነ፣ ቸኩሎ የሚፍቅ ሰው ዱካውንም አብሮ ይፍቃል። ሁለተኛ፣ ሥራው እስኪያልቅ ገጹን ለጎብኚዎች ዘጋን። ሦስተኛ፣ ያንኑ የወርድፕሬስ እትም ከዋናው አሳታሚ አምጥተን በዲፍ አስተያየን። ወርድፕሬስ በትእዛዝ መስመር የሚሠራበት የራሱ መሣሪያ ስላለው፣ የእያንዳንዱን ዋና ፋይል ቼክሰም፣ ማለት የጣት አሻራውን፣ አሳታሚው ካወጣው ጋር ያመሳክራል፤ የተለወጠውንና የሌለበትን ፋይል ይዘረዝራል።

አራተኛ፣ የተለዩትን ፋይሎች አንድ በአንድ ለመጠገን አልሞከርንም፤ ዋናውን ፕሮግራምና ፕለጊኖቹን ሙሉ በሙሉ አንሥተን በአዲስ ተካናቸው። የቀሩት የማዋቀሪያው ፋይል፣ የፎቶግራፎቹ ፎልደርና ዳታቤዙ ብቻ ነበሩ፤ እነዚህን በዓይናችን አነበብናቸው። ግሬፕና ፋይንድ እውነተኛ ጥቅማቸውን የሰጡን እዚህ ላይ ነው፤ የፎቶግራፍ ፎልደር ውስጥ የፒ ኤች ፒ ፋይል ምንም ሥራ የለውምና አንድ ትእዛዝ ደብቆ የተቀመጠውን አወጣው። አምስተኛ፣ ክሮንታቡን አጸዳን፤ የማናውቀውን የአስተዳዳሪ ስም ሰረዝን፤ የይለፍ ቃሎችንና የምስጢር ቁልፎችን ሁሉ ለወጥን፤ ያልታደሰውንም አደስን። በመጨረሻም ጊት በሚባለው መሣሪያ የፋይሎቹን መልክ መዘገብን፤ ከእንግዲህ አንዲት መስመር ብትጨመር በአንድ ትእዛዝ ትታያለች። ይህ ሁሉ ሁለት ቀን ፈጀ። ከዚያ በኋላ የቁማሩ ገጽ አልተመለሰም።

፯. የዘዴው ወሰንና መደምደሚያ

የራሳችንንም ዘዴ ያለ ትችት ልናልፈው አንወድም። ከአብነት ማስተያየት የሚሠራው አብነት ላለው ነገር ብቻ ነው። የወርድፕሬስ ፋይሎች አሳታሚ አላቸው፤ የጠፋው ዝርዝር ግን ከዚያ ገጽ በቀር በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አልነበረም። ዲፍ የሌለውን ከምን ጋር ያስተያየው? በዚህ ረገድ የኮሌጅ ትምህርታችንም ጉድለት አለበት እንላለን። መፈለግንና መሰረዝን የሚያስተምሩ መልመጃዎች ብዙ ናቸው፤ ከሥራው በፊት አብነትን አዘጋጅቶ ማስቀመጥን የሚጠይቅ መልመጃ ግን እኛ አላጋጠመንም። ስለዚህ አንድ ተማሪ «ፋይሉን አጽድቻለሁ» ሲል፣ መምህሩ «ከምን ጋር አስተያይተህ?» ብለው ቢጠይቁት መልካም ነው። መልስ ከሌለው ሥራው ገና አልተጀመረም።

የስሞቹን ነገር በተመለከተ፣ የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ መዋጮውን ሁሉ በባለ መስመር ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ይጽፉ ነበር። ድረ ገጹ ከተሠራ በኋላ ደብተሩ አያስፈልግም ቢባሉም አልተዉትም። መምህሩ ገጾቹን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተው ላኩልን፤ ስሞቹንም ከዚያ ገልብጠን መለስናቸው። ስንገለብጥም ድረ ገጹ ላይ ሳይወጡ የቀሩ ሁለት አዋጪዎች አገኘን። ዛሬ ዝርዝሩ በድረ ገጹ ላይ፣ በእኛ ዲስክ ላይና ፈረስ ቤት በሒሳብ ያዡ ደብተር ውስጥ ይገኛል። በየወሩም ሦስቱ ይተያያሉ።